ሃያ ደቂቃ በሉ ያልሽን ጊዜ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

ለእህት ዓለም፣

እንዴት ሰነበትሽ? እማዬም፣ ባለቤቴም፣ እኔም በጤና አለን። ሌላውን አትጠይቂኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ሆዴ አልችል አለ።

ባለፈው ሳምንት በቴሌቪዥን አየንሽ። እማዬ ድምፅሽን ስትሰማ «ዝም በሉ፣ ልጄ ናት!» ብላ እኛንም የስፌት መኪናውንም ጸጥ አሰኘችን። ወደ ውጭ የምንልከውን የቆዳ ዕቃ በየወሩ ቅጽ እየሞላን ለስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታችሁ ማሳወቅ ስለከበደን፣ ለእኛ ለትናንሾቹ በዓመት አንዴ ይሁንልን ብለን ላስገባነው አቤቱታ ነበር መልስ የምትሰጪው። ፈገግ ብለሽ «ራሳቸው ቅጹ ላይ እንደሞሉት በአማካይ የሚወስድባቸው ሃያ ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ የሚቀየር ነገር የለም» አልሽ። እማዬ አጨበጨበች። ባለቤቴ ብድግ ብላ ወጣች።

እህቴ፣ ሃያ ደቂቃዋ የማን ናት?

ቅጹ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ አንቺም ገና መቀጠርሽ ነበር፤ የምትኖሪውም እኛው ጋ ነበር። ባለቤቴ ስፌቷን ትታ ሁለት ቀን ሙሉ ስትታገለው አይተሻል። የምንልከው ቀበቶ ያለ ዘለበቱ ስንት ይመዝናል ይላል፤ ዘለበቱ የት አገር ተሠራ ይላል። እሷ ዘለበት እየነቀለች ከባለሱቁ በተዋሰችው ሚዛን ስትመዝን፣ መልሳ ስትገጥም፣ አንቺ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። መጨረሻ ላይ «ቅጹን ለመሙላት ምን ያህል ጊዜ ወሰደብዎ?» የሚል መጣ። ሁለት ቀን ብላ ልትጽፍ ስትል እጇን ያዝሽ።

«እትዬ፣ እንደሱ ካልሽ እየደወሉ ያደርቁሻል። ሃያ ደቂቃ በይና ተገላገዪ፤ እሱን ማንም አያየውም» አልሻት።

የውስጥ ሰው ናት፣ ታውቃለች ብለን አመንን። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ ለጫማ ሰሪው ነገርኩ፣ እሳቸው ለቦርሳ ሰፊዋ ነገሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሃያ ደቂቃ ሆነ።

ሳታውቂ ነው ልበል? ስትናገሪ ዓይንሽን እንኳ አላሸሽም እኮ! ክደሽናል። ለስለስ ያለ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ባዳ ቢሆን ይህን ያህል ባላመመኝ።

ጫማ ሰሪው፣ ያው ጎረምሳው የምንላቸው ሽማግሌ፣ ሰላምታዬን መመለስ ትተዋል። «ከእህትህ ጋር ተመካክራችሁ ነው ጉድ የሠራችሁን?» አሉኝ ሰው ፊት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባለቤቴም በዚህ ዓይነት ወደ ውጭ መላኩ ይቅርብን እያለች ነው። እሱ ከቀረ ደግሞ የሰፈሩ ገበያ ብቻ እንደማያኖረን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ትናንት የማኅበራችን ሰዎች መጡ። አቤቱታውን እንደገና ሊያስገቡ ነው። ቁጥሩ ልክ አለመሆኑን፣ እንዲያ ብላችሁ ሙሉት ያላችሁም ማን እንደሆነ ጽፋችሁ ፈርሙልን አሉን። ስምሽ እዚያ ላይ ከሰፈረ ከሥራሽ እንደምትነሺ አልጠፋኝም። አላስታውስም አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ፤ እንዳላመኑኝ ገባኝ።

ባለቤቴ ግን ታስታውሳለች። ነገ ጠዋት ሄዳ ልትፈርም ነው።

«አትሂጂ ካልከኝ እቀራለሁ» አለችኝ ዛሬ ምሳ ላይ።

እንጀራዬን ቆረስኩ። ያቺን አንዲት ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ፤ ወይም አልፈለግኩም፣ እኔም አላውቀው። እሷም ሳህኑን አንስታ ሄደች።

እማዬ ከዚህ ሁሉ ምንም አታውቅም። ደብዳቤ እየጻፍኩልሽ መሆኑን ስነግራት እጇን ዘርግታ «ሰው ፊት ሞገስ ይስጣት፣ ከክፉ ይሰውራት» ብላ መረቀችሽ። አሜን በል እንጂ አለችኝ። አሜን አልኩ።

ወንድምሽ