በሚካኤል ስም ስለ ቆመው አጥቂ ለላህ ዳር ክለብ ሰብሳቢ

ለላህ ዳር እግር ኳስ ክለብ የቦርድ ሰብሳቢ
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቦርድ አባላትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ልብዎ፣ ኩላሊትዎ፣ በተለይም የሚፈርሙበት ቀኝ እጅዎ ደኅና እንደ ሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እጅዎን ለይቼ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሰኔ ጀምሮ አንዲት የመልቀቂያ ወረቀት ለመፈረም እንደ ተሳነው ሰምቼ በብርቱ አሳስቦኛል።

እኔ የማንኩሳ ገበሬ ነኝ። ትምህርት ቤት ስላልገባሁና ፊደሉን በራሴ ስለ ለቀምሁት የደብዳቤ ሥርዓት ባጓድል ይታለፍልኝ። አጥቂያችሁ የነበረው ባምላኩ የልጄ ልጅ ነው፤ ያሳደግሁትም እኔ ነኝ። «አጥቂ» የሚለውን የሥራ ስም ግን እኔ አላወጣሁትም። በእኛ ቀበሌ ሰው አጥቂ የሚባለው ተበዳይ ከሶት ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ነበር። እናንተ ሙያ መሆኑን አስረድታችሁ፣ ማልያ አልብሳችሁ፣ ግብ ባገባ ቁጥር ስሙን በድምፅ ማጉያ ስትጠሩ እኔም ቀስ በቀስ ተቀበልሁት።

የሆነውን ነገር እርስዎ ያውቁታል፤ ደብዳቤውን ለሚያነብ ለሌላው ሰው ስል ግን ልድገመው። በሰኔ ወር ላህ ዳር ከቡሬ ጮራ ጋር የመጨረሻውን ጨዋታ ሲያደርግ፣ ቢያሸንፍ ወደ ላይኛው ሊግ ያልፍ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ባምላኩ ተከላካዮቹን አልፎ፣ የቡሬውን ግብ ጠባቂ ክንፈሚካኤልን አታልሎ መሬት ላይ አስተኝቶ፣ ባዶ ግብ ፊት ብቻውን ቀረ። ክንፈሚካኤል የእኛው የማንኩሳ ልጅ ነው፤ ከአባቱ ጋር በአንድ የሚካኤል ማኅበር ጽዋ እንጠጣለን። ልጁ ከወደቀበት ሆኖ «ባምላኩ፣ በሚካኤል ገዝቼሃለሁ፣ እንዳትመታ!» ብሎ ጮኸ። ባምላኩም እግሩን ኳሱ ላይ አሳርፎ ቆመ። አንድ የቡሬ ተከላካይ መጥቶ ኳሱን ከእግሩ ሥር ወሰደ፤ በዚያው ሩጫ ሄደው አገቡባችሁ፤ ላህ ዳርም ባለበት ቀረ።

ግዝት ምን እንደ ሆነ ለጎጃም ሰው ማስረዳት ነውር ነበር። ቦርዱ ግን በምርመራው ቀን እንደ ሩቅ አገር እንግዳ ሆኖ ስለ ጠየቀ ላስታውስ። ሁለት ሰዎች ዱላ ተማዝዘው ሳለ አንዲት ሴት «በእመቤቴ ገዝቻችኋለሁ» ካለች ዱላው እንደ ተነሣ ይቀራል። ይህ ልማድ ባይኖር ኖሮ በዚህ አገር ለቦርድ አባልነት የሚያበቃ ዕድሜ ላይ የሚደርስ ወንድ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ከመካከላችሁ ስንቱ በግዝት ተርፎ እዚያ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ እናንተ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ አቤቱታዬ፣ ወይም እናንተን ላለማስቀየም፣ ወደ ምስጋናዬ እገባለሁ።

አንደኛ፦ የልጁን ፎቶግራፍ በክለቡ በር ላይ ለጥፋችሁ ከሥሩ «ከሐዲ» ብላችሁ ስለ ጻፋችሁ አመሰግናለሁ። አጻጻፉ ያማረ ነው፤ ሐመሩ ሐ እንኳ ቦታውን አልሳተም። ምናልባት ግን ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ዲያቆን ጠርታችሁ ትርጉሙን ብትጠይቁት መልካም ነበር። ከሐዲ ማለት የካደ ሰው ማለት ነው። ባምላኩ በሚካኤል ስም ተይዞ፣ ያልሰማ መስሎ ኳሱን መትቶ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ስም ያን ጊዜ ይገባው ነበር፤ እናንተም ያን ጊዜ ትከሻችሁ ላይ አውጥታችሁ በከተማው ታዞሩት ነበር። ነገሩን ረጋ ብዬ ሳየው፣ ክለባችሁን በዚያች ደቂቃ የጎዳው ከሐዲ ማግኘቱ ሳይሆን ከሐዲ ማጣቱ ነው።

ሁለተኛ፦ ጨዋታውን ሸጠ ተብሎ ቦርዱ ፊት በቀረበ ቀን እኔም ኋላ ተቀምጬ እንዳዳምጥ ስለ ፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ተምሬበታለሁ። አንዱ የቦርድ አባል «ኳስና ታቦት ምን አገናኛቸው?» ሲሉ ሁላችሁም ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። ወዲያው እርስዎ ራስዎ ወደ ልጁ ዞረው «እንዳልሸጥህ በሚካኤል ማል» አሉት። ማለ። ቀጥሎ «መሐላ ማስረጃ አይሆንም» ተባለና ታገደ። ከዚህ የተረዳሁት፣ ቅዱስ ሚካኤል በእናንተ ክለብ ውስጥ እግር የማስቆም ሥልጣን እንደሌለው፣ አፍ የማስከፈት ሥልጣን ግን እንዳለው፣ አፉ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ተመልሶ እንደሚሻር ነው። በአንድ ስብሰባ ተሾሞ በዚያው ስብሰባ የሚሻር አለቃ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለወደፊቱ የመላእክት ሥልጣን ከየት እስከ የት እንደ ሆነ በክለቡ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ቢገባ ተጫዋቾቹ ባልተደናገሩ።

ሦስተኛ፦ ግብ ጠባቂው ክንፈሚካኤል ከጨዋታው በኋላ ሽማግሌ ይዞ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ መጥቶ ነበር። የመልአኩን ስም ለኳስ በመጥራቱ የንስሐ አባቱ ቀኖና ሰጥተውታል። እኔም ቶሎ የምራራ ሰው ስላልሆንሁ ድንጋዩን ወዲያው አላወረድሁለትም። ያም ሆኖ «ስደነግጥ ከአፌ ያመለጠኝ ነው፤ ሽያጭ የሚባል የለም፤ ቦርዱ ፊት ቀርቤ እመሰክራለሁ» አለ። እናንተ «የተቃራኒ ቡድን ሰው ምስክር አይሆንም» አላችሁት። ታዲያ መሸጡን ያየው ማን ነው ብዬ ብጠይቅ «ከተማው ሁሉ ያውቃል» ተባልሁ። ከተማውን ዞርሁ። የማያውቅ አላገኘሁም፤ ያየም አላገኘሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ባምላኩ ክለቡን አልጎዳም አልልም፤ ጎድቷል። ጓደኞቹ ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። በዝናብ ከደንበጫና ከጅጋ ድረስ መጥቶ የጮኸው ሰው አንገቱን ደፍቶ ተመልሷል። «አጥቂያችን ኳስ ፊት የሚቆም ከሆነ አንፈልገውም» ብላችሁ ብታሰናብቱት ኖሮ ፍርዳችሁን አክብሬ ዝም እል ነበር። እናንተ ግን አታሰልፉትም፤ አትለቁትምም። አራተኛውና ዋናው ይኸው ነው።

ባሕር ዳር ያለ አንድ ክለብ «በመልአክ ስም የሚያዝ ሰው እኛንም አያሳጣን» ብሎ ሊወስደው ጠይቋል። የእናንተ መልቀቂያ ከሌለ አይመዘገብም፤ ምዝገባው ደግሞ ይህ መስከረም ሲያልቅ ይዘጋል። የአጥቂ ዕድሜ እንደ ዘር ወቅት ነው፤ መሬቱም በሬውም እያለ ወቅቱ ካለፈ የሚበቅለው አረም ነው። ባምላኩ ሃያ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። ይህን ዓመት ያለ ጨዋታ ከዋለ ሌላ የሚፈልገው እንደማይኖር እሱም ያውቃል፤ እኔም ኳስ ሳላውቅ አውቄዋለሁ። እርስዎም እንደሚያውቁት የተረዳሁት እጅዎ እምቢ ማለቱን ስሰማ ነው።

ልጁ ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ «አባባ፣ ይተዉ፣ ይብሱን ይጨክናሉ» ብሎ ለምኖኛል። ልተው ነበር። ነገር ግን ባለፈው ገበያ አብሬው ፍኖተ ሰላም ወጣሁ። መናኸሪያው አጠገብ ስንደርስ ሥራ የፈቱ ጎረምሶች «አጥቂው! በሚካኤል ቁም!» ብለው ጮኹ። ቆመ። ሳቁ፤ ሻንጣ የተሸከመው፣ ትኬት የሚቆርጠው ሁሉ ሳቀ። እኔ እጁን ብጎትተው አልንቀሳቀስ አለ። በመጨረሻ ከመካከላቸው አንዱ ሳቁ ሲበቃው «በል ፈትተንሃል፣ ሂድ» አለው፤ ሄደ። ያን ጊዜ ነው ልጽፍልዎ የወሰንሁት። የመናኸሪያ ጎረምሶች ያሰሩትን መፍታት እንደሚገባ ካወቁ፣ ማኅተም ያለው ቦርድ ይህን ማወቅ ያቅተዋል ብዬ ላምን አልቻልሁም።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ለምን አንተም በሚካኤል አትገዝታቸውም?» ብለውኛል። አላደርገውም። ግዝት የሚይዘው የሚፈራውን ሰው ብቻ ስለ ሆነ፣ በእናንተ ላይ ስሙን በከንቱ ጠርቼ ቀኖና መቀበል አልሻም።

በመጨረሻም፣ በሥራ ብዛት ተጨንቃችሁ ሳለ ይህን ያህል ስላስነበብኋችሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበራችሁ እንዲጸና፣ ማኅተማችሁ ቀለሙ እንዳይደርቅ፣ ቀኝ እጅዎም ከመስከረም ማለቂያ በፊት ምሕረት እንዲያገኝ ከልብ የምመኝ፣ ከያዝሁት ሐሳብ እስከ ዛሬ ንቅንቅ ያላልሁ፣ አክባሪዎ

ቢሰጥ ዘሩ
ከማንኩሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በባምላኩ ምትክ ያመጣችሁትን አጥቂ ለሕዝብ ስታስተዋውቁ «ይህን ማንም አያስቆመውም» ብላችሁ ነበር፤ እውነት ብላችኋል። ባለፈው እሑድ በወዳጅነት ጨዋታ የዳኛው ፊሽካም አላስቆመውም፤ ዳኛውን ገፍትሮ ጥሎ ታገደ። ከዚያ ወዲህ ቦርዱ «ልጁ ይመለስልን» ብሎ ወደ ቤቴ ሽማግሌ ሊልክ ማሰቡን ሰማሁ። ይምጡ፤ መቀመጫም ጠላም አለ። መልቀቂያውን ካልያዙ ግን ጠላቸውን ጠጥተው ይመለሱ፤ ባምላኩ ደጅ ድረስ ወጥቶ፣ ቆሞ ይሸኛቸዋል።