ክፍት የቀረው ኮርኒስ

ውድ ጋሽዬ፣

በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ ሞክሬ አፌ ላይ ሲደርስ ዋጥኩት። አንተም አታስጨርስም፤ ገና «ኮርኒሱ…» ስል «ቧንቧው ነው፣ አስቀይሪው» ብለህ ወሬውን ትዘጋዋለህ። ደብዳቤ ግን አይቋረጥም። እባክህ ቁጭ ብለህ አንብብልኝ።

የሳሎኔ ኮርኒስ መጀመሪያ ያወጣው ቢጫ እድፍ ነበር። ቅርጹ የአጎታችንን መላጣ ስለመሰለኝ እማን ላስቃት ከእኔ በላይ ወዳለው ቤቷ ወጣሁ፤ አብረን ሳቅን። ሳምንት ሳይሞላው የኮርኒሱ ቺፑድ ውሃ ጠጥቶ ሆዱን ነፋ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ተገንጥሎ ሶፋው ላይ ወድቆ አገኘሁት። አናጢው መጥቶ የበሰበሰውን አወጣ፣ አዲስ ገጠመ፣ ቀለም ቀባ። ቀለሙ በቅጡ ሳይደርቅ እንደገና ረጠበ።

ያኔ ነው እንዳልከው ቧንቧ ሠራተኛ ያመጣሁት። የእማን ኩሽና የወለል ጣውላ አንሥቶ ቧንቧውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰው። ጤነኛ ነው፣ ውሃው ከላይ ሞልቶ ነው የፈሰሰው አለኝ። አላመንኩትም። ሌላ ሠራተኛ አመጣሁ፤ እሱም ያንኑ አለ። እማ በሩ ላይ ቆማ ቧንቧው አርጅቷል እያለች ሁለቱንም ስትሞግታቸው ዋለች።

ውሃ ሲጠፋ እማ ምን እንደምታደርግ ታስታውሳለህ። ቧንቧውን ትከፍትና ያችን የቆርቆሮ ሳፋ ገልብጣ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ታስቀምጣለች። ውሃው ሲመጣ ሳፋውን ይደበድበዋል፤ እሷ ትሮጣለች፣ እኛም ባልዲ ይዘን ከኋላዋ። ጎረቤቱ ሁሉ ውሃ መምጣቱን የሚያውቀው በእሷ ሳፋ ነበር። ልማዷን ዛሬም አልተወችም። ሳፋው የገንዳውን ቀዳዳ ስለሚደፍነው ግን ቶሎ ካልተደረሰለት ውሃው ወለሉ ላይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብስ እየተኮስኩ ሳለ እላይ ሳፋው መጮህ ጀመረ። እማ ትዘጋዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አልቆመም። በሩጫ ስወጣ እማ ቧንቧው አጠገብ፣ እጇን ብትዘረጋ በምትደርስበት ቦታ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ውሃው ነጠላ ጫማዋን ሸፍኖታል። ጆሮዋ እንደሆነ ደኅና ነው፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጥ ነበር።

«ዝናቡ በረታ» አለችኝ። «ልጆቹ ውጭ ናቸው፣ ጥሪያቸው።»

ጋሽዬ፣ ልጆቹ እኔና አንተ ነን።

ቧንቧውን ስዘጋው፣ ጩኸቱ ሲቆም፣ ወደ ራሷ ተመለሰች። ውሃውን አየች፣ እግሯን አየች፣ እኔን አየች። አላለቀሰችም። መወልወያውን አንሥታ ወለሉን ማድረቅ ጀመረች፤ ቀና ሳትልም «ለወንድምሽ ቧንቧው ነው በዪው» አለችኝ።

ለምን እንዲህ እንዳለች ይገባሃል። «አንድ ነገር ካየሽባት ንገሪኝ፣ እኔ ዘንድ እወስዳታለሁ» ያልከውን ሰምታለች። አንተ ዘንድ ደግሞ ካንተ በቀር የምታውቀው ሰው የለም፤ አንተም ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነህ። እዚህ የትኛው ደረጃ እንደሚንቀጠቀጥ እንኳ እግሯ ያውቀዋል። አልሰጥህም እንዳልል ብቻዬን እንዳልችላት ፈራሁ። ውሰዳት እንዳልል ደግሞ አንጀቴ አልቆርጥ አለ። ፈርቻለሁ፣ ጋሽዬ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሳፋውን ልደብቅ ብዬ ተውኩት። ቧንቧውን መክፈቷ ካልቀረ ድምፁ ይሻለኛል።

ትናንት አናጢው አዲሱን ቺፑድ ይዞ መጣ። መሰላሉ ላይ ወጥቶ የረጠበውን አወረደና አዲሱን በሚስማር ሊመታ ሲል አስቆምኩት። ከእማ ኩሽና ሥር ያለውን ክፍት ተወው አልኩት። እህቴ፣ ቤትሽን ምን አስጠላሽ ብሎ ሳቀብኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ እንጂ አልነገርኩትም። በዚያ ቀዳዳ በኩል እርምጃዋ ይሰማኛል፤ ወንበር ስትስብ፣ ቧንቧ ስትከፍት ይሰማኛል።

ና። ልትወስዳት ሳይሆን ልትሰነብት ና። እሷ እላይ ስትንጎራደድ አንተም ሶፋዬ ላይ ተቀምጠህ አዳምጣት። ከዚያ የሚወሰነውን እሷ ባለችበት እንወስናለን። እስክትመጣ ኮርኒሱን አላስዘጋውም።

ይህን ስጽፍልህ እላይ ወዲያ ወዲህ ስትል ነበር። አሁን ድምፅ የለም። ወጥቼ ልያት።

ታናሽህ