«ለራጅ ነው ብለናታል»

ግንቦት 3

ዛሬ ሙቀቱ አይጣል ነው። ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙሉ ተኛ። ዋርድ ውስጥም የነቃው የጣሪያው ቬንቲሌተር ብቻ ይመስላል... እኔ ራሴ ቆሜ ሳልም ነበር። አስራ አንድ ቁጥር አልጋ ላይ አዲስ ታካሚ ገባች። አዬዮ ዳሃቦ፣ አያት ዳሃቦ እንደማለት፣ ከመልካ ጀብዱ። ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ግቢ ውስጥ ወድቃ የጭኗ አጥንት ተሰብሯል። አንቱ ስላት ሳቀች። «አንቺ በይኝ አቦ፣ አንቱ ያስረጃል!» ወደድኳት።

ልጇ ባርኸድ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። «ሲስተር፣ ኦፕራሲዮን መሆኑን እንዳትነግሪያት። ለራጅ ነው ብለናታል።» እሺ አልኩ። ሁሉም ቤተሰብ እንዲህ ነው የሚለው።

ግንቦት 5

ዛሬም ከኦፕራሲዮን ክፍል በር ተመለሰች። ደም ግፊቷ አሻቀበ። ትናንትም እንዲሁ። ሐኪሙ «ከዚህ በላይ ከቆየች ከአልጋ አትነሳም» አለኝ። መድኃኒት እየወሰደች ግፊቱ ለምን አይወርድም? አትበላም፣ አትተኛም። ልጆቿ በር ላይ ሲንሾካሾኩ ዓይኗ እነሱ ላይ ነው።

እናቴ ትዝ አለችኝ። እሷንም «ለምርመራ ነው» ብለን ነበር ያስገባናት... አልወጣችም። ስድስት ዓመት ሆነ። እያወቀች ዝም ብላን ይሆን?

ግንቦት 6

ደህነኛውን እግሯን እያሸሁላት ጠየቅኳት። «አዬዮ፣ ምንድነው የሚያስፈራሽ?»

ቀስ ብላ፣ «እግሬን ሊቆርጡት ነው አይደል? ለዚያ ነው የሚደብቁኝ።»

አምላኬ! ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ታቅፋ ነው የተኛችው።

ወጥቼ ለባርኸድ ነገርኩት። ተቆጣ። «እናቴን እኔ አውቃታለሁ!» እኔም ጮህኩበት፣ ያሳፍራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ስለ እናቴ ነገርኩት... ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ግድግዳውን ተደገፈ። «እሺ፣ ንገሪያት። እኔ ግን አልችልም።»

ነገርኳት። እግርሽ አይቆረጥም፣ አጥንቱ በብረት ይያያዛል፣ ከወገብሽ በታች ብቻ ይደነዝዛል፣ እኔም አጠገብሽ ነኝ። እዚያ ስትገባ እንዳትደነግጥ ጭምብሉን አጥልቄ አሳየኋት። በረጅሙ መተንፈስም ተለማመድን። አስር ጊዜ ጠየቀችኝ፣ አስር ጊዜ መለስኩ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት።

እኔም ወንበሩ ላይ ሸለብ አደረገኝ መሰለኝ... እናቴ ደጫቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ቆማለች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ። አልተቆጣችኝም።

ግንቦት 7

ገባች። ግፊቷ ልክ ነበር። የትከሻ ልብሷን፣ ጋርባሳሯን፣ እስከ በሩ ድረስ አላስወለቅኳትም። እጄን ጨብጣ ቁርዓን ስትቀራ ቆየች። ተሳክቷል።

ግንቦት 8

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ተምታታባት። ፍየሎች አልጋዎቹ ስር ገብተዋል ትላለች። ባርኸድ ሊያለቅስ ደረሰ። በዚህ ዕድሜ ብዙ ሰው እንዲህ ይሆናል፣ ያልፋል አልኩት። መነጽሯን አደረግኩላት፣ መጋረጃውን ከፈትኩ፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ስሜን ደጋግሜ ነገርኳት። «ፍየል አይታየኝም አዬዮ፣ ሆስፒታል ነን።» ቢሆንም ቀኑን ሙሉ በአልጋዎቹ መሃል ሳልፍ እግሬን እየሰበሰብኩ ነበር። ማን ያውቃል...

ግንቦት 10

«ማህደር!» ብላ ጠራችኝ። በስሜ!

ግንቦት 16

ዛሬ እናትና ልጅ ወጡ። ሐኪሙ ባርኸድን ለብቻው አነጋገረው። ሲመለስ እናቱ ትራሷን ተደግፋ ትጠብቀው ነበር።

«ወርያ፣ አንተ፣ ምን አለ? እንደ ድሮዬ እሄዳለሁ?»

«ኢንሻአላህ ሆዮ፣ እናቴ፣ እንደ...»

አቆመ። እንድናገርለት ወደ እኔ ይዞራል ብዬ ነበር። አልዞረም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና እጇን ያዘ።

«ሆዮ፣ በምርኩዝ ነው። ከእንግዲህ ሁልጊዜ በምርኩዝ ነው የምትሄጂው።»

ፊቱን አየችው። 

«ታዲያ የታለ ምርኩዙ?» አለችው።