የእማዬ መሻገሪያ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

ሰላምታዬን በናፍቆቴ ልክ ልጻፍ ብል ይህ ወረቀት አይበቃኝምና እንደምንም አሳጥሬዋለሁ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ሚስትህስ? ያ እንቅልፍ ወዳድ ልጅህስ፣ በአንተ እንደወጣ ቀረ? ጉንፋንህ ለቀቀህ ወይስ እንደ ልማድህ መድኃኒቱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈህ እየሳልክ ነው? እኛ እግዜር ይመስገን ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ይህን ስልህ እንደ ሌላው ጊዜ አንተን ለማጽናናት እንዳይመስልህ።

ቤቱን ሽጣችሁ እማዬን ወደ እኔ ላኳት ብለህ የጻፍከውን አንብቤላታለሁ። መልስ ሳልሰጥህ የቆየሁት ንቄህ አይደለም፣ የምለው ጠፍቶኝ ነው። እውነትህን ነው፣ ያ ሚኒባስ በመስተዋቱ ትከሻዋን መትቶ ከጣላት ወዲህ አስፋልቱን ተሻግራ አታውቅም። ትከሻዋ ዳነ፤ ልቧ ግን እንደፈራ ቀረ። አክስታችን ደግሞ ፊት ለፊታችን ማዶ እየኖረች በጉልበቷ ሕመም ከበሯ አትርቅም። ሁለት እህትማማቾች ባሕር የለያቸው ይመስል ማዶ ለማዶ ሆነው ቀሩ።

የፈጠሩትን ዘዴ አልነገርኩህም። እማዬ ጠዋት ስትነሳ ቢጫ ሻሿን አጥሩ ላይ ትሰቅላለች፤ በሰላም አድሬያለሁ ማለቷ ነው። አክስታችን ደግሞ ሰማያዊውን ትሰቅላለች። አንድ ቀን ታዲያ ሰማያዊው ሻሽ ሳይወጣ ረፈደ። እማዬ አስፋልቱ ዳር ቆማ አንድ እግሯን ታወርዳለች፣ መኪና ሲመጣ ትመልሳለች፤ ደግማ ታወርዳለች፣ ትመልሳለች። እኔ ከልብስ ስፌቴ ተነስቼ እስክደርስ ፊቷ በእንባ ታጥቧል። ባሌ በሩጫ ተሻግሮ ቢያይ አክስታችን ሻሿን አጥባ ጓዳ አስጥታዋለች፤ እሷ ምን ተዳዋ! እማዬ ግን አልሳቀችም። ሞታ ቢሆን ኖሮስ፣ እህቴን ከዚህ ሆኜ ላለቅሳት ነበር? አለችኝ። አንጀቴን በላችኝ። ያን ቀን ወደ ሐሳብህ አዘንብዬ ነበር፤ ግን አንተ ዘንድ ብትመጣስ የእህቷ ሻሽ ከየት ይታያታል?

በዚያው ሰሞን አንዲት የመንገድ ዕቅድ ባለሙያ መጣች። ከእኛ ጀምሮ እስከ ታችኞቹ ከተሞች ያለውን መንገድ ከነዋሪው ጋር ተመካክረን አደጋ የማይበዛበት ልናደርገው ነው ብላ ሰዉን አዳራሽ ሰበሰበች። ቤታችንን ወክሎ የሄደው ጎሚስታው ባሌ ነው፤ ምነው እኔ በሄድኩ! ጠረጴዛ ሙሉ ካርታ ዘርግታ ለሁሉም ቀይ ስቲከር አደለችና፣ መኪና የሚያስፈራችሁ ቦታ ላይ ለጥፉ አለች። የእኛን ሰው ታውቀው የለ፤ ስቲከር የበዛበት ቦታ ላይ መኪና የሚያቀዘቅዝ ጉብታ እንደሚሠራ ወዲያው ገባው። የቀዘቀዘ መኪና ደግሞ ገበያ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ! ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ፣ ፍራፍሬ ሻጯ መደርደሪያዋ ፊት፣ ባሌም የደረሱትን ሁለቱንም ጎማ ከሚነፋበት ፊት ለጠፈ። ከደጃችን ዝቅ ብሎ ሰው ሁሉ የሚሻገርበት የወፍጮ ቤቱ ጥግ፣ መንገዱ የሚታጠፍበት ያ ክፉ ቦታ፣ አንድም ቀይ ሳያርፍበት ቀረ። እዚያ ያለው ግንብ ብቻ ነዋ፤ ግንብ ምን ይሸጣል?

ባለሙያዋ ካርታውን አየት አድርጋ፣ እናንተን የሚያስፈራችሁ መኪናው ሳይሆን ሳይቆም ማለፉ ነው ብላ ሳቀች አሉ። ደግነቱ አልተቆጣችም። ቅዳሜ ካርታውን እንተወውና በየቀኑ የምትሄዱበትን በእግር ውሰዱኝ አለቻቸው።

ቅዳሜ እኔም ወጣሁ። ጤና ጣቢያ የሚሄደው፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው፣ እህል የሚያስፈጨው፣ ሁሉም በተራው እየመራ ይወስዳታል፤ ዞሮ ዞሮ ሁሉም እዚያው ግንብ ጥግ ያደርሳታል። የከባድ መኪና ሹፌርም ተጠርቶ ነበር። እኔም ከግንቡ ስታጠፍ ሰው አይታየኝም፣ እዚህ ስደርስ ትንፋሼን ይዤ ነው የማልፈው አለ። እኔ እስከዚያን ቀን ሹፌር ሁሉ ጨካኝ ይመስለኝ ነበር።

ስንመለስ እማዬ አጥራችን ስር ቆማለች። ባለሙያዋ እጅ ነስታ፣ እማማ፣ እርስዎስ በየት በኩል ይሻገራሉ? ብላ ጠየቀቻት። እማዬም፣ እኔ አልሻገርም ልጄ፣ ሻሽ ነው የምሰቅለው ብላ ወደ ማዶ አሳየቻት። ጎረቤቱ ያንን ሻሽ በየቀኑ ያየዋል፤ ለምን እንደሚሰቀል ግን ጠይቆ አያውቅም። ያ ቀልደኛ ባሌ እንኳን አንገቱን ደፋ። ከዚያ አዳራሽ ሄዶ ስቲከሮቹን በጥፍሩ አንስቶ ግንቡ ጥግ ለጠፋቸው፤ አንዱ ለአማቴ፣ አንዱ ለእህቷ እያለ። ፀጉር አስተካካዩም ተከተለው፤ ፍራፍሬ ሻጯም እያጉረመረመችም ቢሆን የራሷን አዛወረች።

እኔ አይሠሩትም ባይ ነበርኩ፤ ሠሩት። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ከስንት ልመና በኋላ ግንቡን ወደ ውስጥ ገፋ፤ አሁን መኪናና ሰው ከሩቅ ይተያያሉ። በወዲያም በወዲህም ጉብታ አለ፣ ነጭ መሻገሪያ ተቀብቷል፣ መሐል ላይ ደግሞ ደካማ ሰው ቆሞ ትንፋሹን የሚሰበስብበት ከፍ ያለ ቦታ አለ። የእግረኛው መንገድ ገና ነው፣ መብራቱም ባሰኘው ቀን ይጠፋል፤ ሁሉም ተሟላ ብዬ አልዋሽህም። ባለሙያዋ ወደ ታችኛዋ ከተማ ወርዳለች። እዚያስ ስቲከሩን ትታ በእግር ጉዞው ጀመረች ሲሉ ሰማሁ፤ የእኛ ጉድ ለሌላው ተረፈ።

እማዬ ግን ቀለሙ ከደረቀም በኋላ እምቢ አለች። ቀለም መኪና ያቆማል እንዴ? ትለኛለች። ወንበሯን ደጅ አውጥታ መኪኖቹን ስትጠብቅ ትውላለች፤ ያልቆመውን ትረግማለች፣ የቆመውን ትመርቃለች። እያደር ምርቃቱ እየበዛ መጣ።

ዛሬ ጠዋት ተነስቼ አጥሩን ባይ ቢጫው ሻሽ የለም። ቆሌዬ ተገፈፈ! ክፍሏ ስገባ አልጋዋ ተነጥፏል፣ እሷ የለችም። በነጠላ ጫማ ወደ አስፋልቱ በረርኩ። ቀና ብል አክስታችን አጥር ላይ ቢጫና ሰማያዊው ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ወንድሜ፣ እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ባሌ መፍቻውን እንደያዘ ምን ሆንሽ ብሎ ቢመጣ ሻሾቹን በጣቴ አሳየሁት። እሱም አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ፤ ሲጠየቅ ግን አቧራ ነው ይላል።

እንግዲህ ቤቱ አይሸጥም። እማዬ ከናፈቀችህ አንተው ና፤ መንገዱ ተስተካክሎልሃል።

ሚስትህን እቀፍልኝ፣ ልጅህን ቀስቅሰህ ሳምልኝ። ባሌ፣ ያ መኪናህ ጎማው ካስቸገረህ እዚህ ድረስ ንዳው ይልሃል፤ ጉብታው ግን ከደጁ ራቅ ብሎ እንደሆነ ንገሪው ብሎኛል። ልጆቼ እየተሻሙ ይስሙሃል። አክስታችንም የምትልክልህ ምርቃት አያልቅም። የእማዬን ሰላምታ ራሷ እየነገረችኝ ልጽፍልህ ብዬ እስካሁን ጠበቅኳት፤ አልተመለሰችም። ማዶ ናት።

የምትወድህ እህትህ
ከአስፋልቱ ወዲህ፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ