ሳያውቁ የማያጠፉት እትዬ ነጥብ

እትዬ ነጥብ ከአባታቸው ከልብስ ሰፊውና ከእናታቸው ከአዋላጇ በ1949 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለችው ባለሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ከእርሳቸው ዐሥራ አንድ ዓመት ዘግይቶ የተወለደውን አንድ ወንድማቸውን አዝለው ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው። ወንድማቸው እናቱን በማባበል ይረታ ነበር፤ እርሳቸውን ግን አንድ ቀን እንኳ ረትቶ አያውቅም።

ዐሥረኛ ክፍልን እንዳጠናቀቁ አባታቸው ስፌት እንዲማሩ ፈለጉ። እርሳቸው ግን "መርፌ የነካው ሁሉ ቀዳዳ አለው" ብለው በ1967 ዓ.ም. በሠፈሩ ፎቶ ቤት በፎቶ አስተካካይነት ተቀጠሩ። ከሥሩ መብራት በተገጠመለት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው፣ በቀጭን እርሳስና በቡርሽ የሰውን ብጉርና ጠባሳ ሲያጠፉ ይውሉ ነበር። ከዚያ ቤት አስቀያሚ ሰው አልወጣም። ደንበኛው ግራ ገብቶት "ይኼ እኔ ነኝ?" ሲል፣ "እርስዎ ነዎት፤ እናትዎ በሚያዩዎት ዓይን" ይሉት ነበር። የሰውን ነጥብ ሲያጠፉ ስለሚውሉ እትዬ ነጥብ የተባሉትም እዚያው ነው። በ1972 ዓ.ም. ከፎቶ አንሺው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። የሠርጋቸውን ፎቶ ያስተካከሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ማን ይታመናል?

ዲጂታል ካሜራ ሲበዛ ፎቶ ቤቱ በ1997 ዓ.ም. ተዘጋ። በልጅነቷ ፎቶዋን ያስተካከሉላት የሠፈር ልጅ ያኔ የቆዳ ሐኪም ሆና ነበርና፣ "እንደ እርስዎ ፊት የሚያይ ሰው የት አገኛለሁ?" ብላ ወደ ሌዘር ክፍሏ ወሰደቻቸው። አርባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። "በዚህ ዕድሜ?" ያሉ ዘመዶች ነበሩ፤ ዛሬም እዚሁ ለቅሶው ላይ ተቀምጠዋል፤ መልሳቸውን ግን በጊዜው ተቀብለዋል። እትዬ ነጥብ ሥልጠናውን አጠናቀው ፈቃዳቸውን ያዙ። በኋላ አዲስ ማሽን ሲመጣ፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን መመሪያ ያለ አስተማሪ በመዝገበ ቃላት ብቻ እየፈታች ያነበበችላቸው የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ይህን የሕይወት ታሪካቸውንም የጻፈችው እርሷው ናት።

ሌዘር ላጲስ የሚመስለው ሰው ዛሬም ብዙ ነውና፣ በዚያ ክፍል ለገባ ሁሉ ይናገሩት የነበረውን እዚህ ማስፈር ተገቢ ነው። "መብራቱ ፊት አያውቅም፤ የሚያውቀው ቀለም ነው" ይሉ ነበር። ጨረሩ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ቀለም ይፈልጋል፤ ቀለሙ ጨረሩን ጠጥቶ ይሞቃል፤ የሞቀው ይጎዳል። የማይፈለግ ፀጉር ሲሆን የሚጠጣው የሥሩ ጥቁረት ነው፤ ፀጉር ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማያድግ ግን መመላለስ ግድ ይላል። የቀላ ደም ሥር ሲሆን የሚጠጣው ደሙ ነው። ንቅሳት ሲሆን ቀለሙ ይፈረካከስና ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ጠርጎ ያወጣዋል። ጠባሳ ላይ ደግሞ ጨረሩ ደቃቅ ደቃቅ የሙቀት ነጥብ እየጣለ ቆዳው ራሱን እንዲጠግን ይቀሰቅሰዋል። ጣጣው ጠይም ቆዳ ራሱ ቀለም መሆኑ ነው፤ ካልተጠነቀቁለት ቀድሞ ይጠጣና ይቃጠላል፣ ይብስ ይጠቁራል። ስለዚህ ለቆዳው የሚስማማውን ጨረር መርጠው፣ ኃይሉን ዝቅ አድርገው፣ ከጆሮ ሥር አንዲት ነጥብ ብቻ ይሞክሩና ሰውየውን ወደ ቤቱ ይሸኙታል። ፊት የሚሠራው ሳምንታት አልፈው ነጥቧ ሰላም ስትሆን ነው። ሠርጓ ደርሶ "ማዲያቴን ዛሬውኑ አጥፉልኝ" ያለች ሙሽራ፣ "ማዲያት ሙቀት ካገኘ ይብስበታል። ሰውየው ከነማዲያትሽ ነው የወደደሽ፤ ካልሆነም አሁኑኑ ይታወቅ" ተብላ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ብቻ ይዛ ወጥታለች።

በ2006 ዓ.ም. ወንድማቸው ጉንጩ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ እንዲያጠፉለት መጣ። "ሰው ሲያወራኝ ዓይኔን ትቶ እሷን ነው የሚያየው" አለ። እትዬ ነጥብ በማጉያ መነጽር አዩዋት፤ ጠርዟ ተሸራርፏል፣ ቀለሟም አንድ ዓይነት አልነበረም። የማሽኑን እጀታ መልሰው ሰቀሉና ሐኪሟን ጠሩ። ሐኪሟ "አድጋለች ወይስ ድሮም እንዲህ ነበረች? የቆየ ፎቶ አምጡ" አለች። የቤተሰቡ አልበም መጣ። የትምህርት ቤቱ፣ የሠርጉ፣ ልጁን ያቀፈበት፣ ሁሉም ላይ ጉንጩ ንጹሕ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነጥቧን ከያንዳንዱ ፎቶ ላይ ያጠፏት እኅቱ ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ፎቶ አንድም ምስክር አልተገኘም።

እትዬ ነጥብ አልበሙን ዘጉ። "ከወረቀት አጥፍቼብሃለሁ፤ ከቆዳህ አላጠፋብህም። ተቆርጣ ትመርመር" አሉት። ሌዘሩ የላዩን ጥቁረት አቃጥሎ ሥሩን ቢተወው፣ ሕመሙ ካለ ሳይታይ ውስጥ ለውስጥ እንደሚሄድ ያውቁ ነበር። ወንድማቸው ግን ተቆጣ። "ለባዕድ የሚፈታ እጅሽ ለእኔ ታሰረ? ሌላ ቦታ ሄጄ አስነሣታለሁ!" አለ። "ሂድ" አሉት፤ "በየደረስክበት በር ላይ ቆሜ ታገኘኛለህ።" ቀልድ መስሎት ነበር። በማግስቱ በዋናው መንገድ ያለው ባለሌዘር የውበት ሳሎን ደጃፍ ሲደርስ እኅቱ ቦርሳቸውን አቅፈው በሩን ሞልተው ቆመዋል። "አላፍርም፤ ከዚሁ አዝዬህ ነው የምመለሰው" አሉት። የአርባ ስድስት ዓመት ጎልማሳ፣ መንገደኛው እየሳቀበት፣ ከኋላ ከኋላቸው ተከትሎ ወደ ሐኪሟ ተመለሰ።

ነጥቧ ተቆርጣ ስትመረመር ክፉው የቆዳ ካንሰር ሆና ተገኘች፤ ወደ ውስጥ ግን ገና አልዘለቀችም ነበር። ዙሪያዋ ሰፋ ተደርጎ እንደገና ተቆረጠ። ወንድማቸው ይኸው ዛሬ በፊት ለፊት ረድፍ ተቀምጧል። ቁስሉ ሲድን እትዬ ነጥብ ጠባሳውን በሌዘር ላለስልስልህ ቢሉት፣ "ተዪው፤ የቁጣሽ ምልክት ነው፣ ፊቴ ላይ ይቀመጥ" አላቸው። እርሳቸውም ከዚያ ወዲህ ለዘመድ ብለው እንኳ የማንንም ፎቶ አስተካክለው አያውቁም። በሌዘር ክፍሉ ግድግዳ ላይም "ያላወቅነውን አናጠፋም" ብለው በእጃቸው ጻፉ።

ባለቤታቸውን በ2009 ዓ.ም. በሞት ያጡት እትዬ ነጥብ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ተኝተውም የጠያቂውን ፊት ከመመርመር አልቦዘኑም፤ ሁለቱን ከአልጋቸው ጠርዝ በቀጥታ ወደ ሐኪሟ ልከዋል። ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆች፣ አንድ ወንድምና እጃቸውን ያወረሷት የወንድማቸው ልጅ ተተክተውላቸዋል። ክፍሉ ሰኞ ይከፈታል። ሠርግ አለብኝ የሚል ከወዲሁ ይወቀው፤ የጆሮ ሥር ሙከራው አልቀረም።

በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ያለውን ፎቶ የመረጠው ወንድማቸው ነው። የማተሚያ ቤቱ ባለሙያ "ፊታቸውን ላጽዳላቸው?" ብሎ ጠይቆ ነበር፤ እጁን እንዲሰበስብ ተነግሮታል። አገጫቸው ላይ የምትታየው ነጥብ የራሳቸው ናት፤ ታይታ፣ ታውቃ የተተወች ናት።

የሚያውቃቸው ፈጣሪ፣ ከላያቸው አንዳች ሳያጠፋ፣ እትዬ ነጥብን ከነነጥባቸው በብርሃኑ ይቀበላቸው። አሜን።