የጃርት ጀርባ

ጥቅምት 6
እንደ ሁልጊዜው ልምምድ። አጎቴ ፀጉር ቤት፣ እሁድ ስለሚዘጋ። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፋን፣ ድራሜን መታጠቢያው አጠገብ ዘረጋሁ። ጃርት መስታወት ፊት ቆማ ፀጉሯን በሳሙና ስታቆም ግማሽ ሰዓት ፈጀች። የአጎቴ ልጅ ናት። ጃርት ያልናትም ለዚሁ ፀጉሯ ነው።

ፓንክ የሚባለውን የጩኸት ሙዚቃ የምንጫወተው ባንድ ይኸው ነው፦ ዘፋኝ ጃርት፣ ጊታር ሙጫ የምንለው ልጅ፣ ድራም እኔ። ሁለት ዓመት ሙሉ የማውቀው የጃርትን ጀርባ ነው። ጃኬቷ ላይ የትኛው መርፌ ቁልፍ እንደዛገ ሳይቀር...

አጎቴ ብቅ ብሎ "አቤት የኔ ልጅ ድምፅ!" አለ። የሚጮኸው እኮ ድራሙ ነው! ማን ሰምቶኝ።

ጥቅምት 9
እማዬ፦ "ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን የምታኮሳትሪው?" ምንም። "ለምንምማ እንዲህ አይኮሳተሩም።"

ጥቅምት 13
ሙጫ ወሬ ይዞ መጣ። የፊታችን ቅዳሜ ትምህርት ቤት አዳራሽ ስንጫወት አንዲት የትያትር አዘጋጅ ልታየን ነው። ወጣት ተዋናይት ትፈልጋለች። "በቃ፣ ጃርት አለፈላት!" ይላል። ጃርት "ኧረ ባክህ" እያለች መስታወቱን ታያለች።

እኔስ? ተዋናይ መሆን የምፈልገው እኔ! የጎረቤቱን ሁሉ አረማመድና ማስነጠስ እያስመሰልኩ ያደግኩት እኔ! ለጃርት ነግሬያታለሁ። ረሳችው? ወይስ... አዎ ቀናሁ። እንዴት አልቅና?

ጥቅምት 19
ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ፍጥነት ጨመርኩ። ትንፋሿ ይቆረጥ፣ ቃሉ ይጥፋባት፣ ሰው ፊት ትዋረድ ብዬ። እሷ እቴ! ግማሹን ቃል ዋጠችው፣ ግማሹን ጮኸችበት። አዳራሹ አበደ። ለካ ፓንክ ሲፈጥን ነው የሚያምረው! ልጥላት ብዬ አነሳኋት። እጄን ይቁረጠው።

ከመድረክ ስንወርድ አዘጋጇ መጣች። ጃርት ፀጉሯን አስተካከለች። ሴትየዋ አልፋት እኔ ጋ ቆመች።

"ድራም ስትመቺ የነበርሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ዓይኔን ካንቺ ላይ መንቀል አቃተኝ። ልጅቷን ከኋላ ሆነሽ ልትበያት ነበር እኮ! ለትያትሬ በእህቷ የምትቀና ልጅ ነው የምፈልገው። ያንን ፊት ያለ ድራም ታመጪዋለሽ?"

ጃርት እዚያው ቆማለች። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ።

"በእኔ?" አለች ዝግ ብላ። "በእኔ ነው የምትቀኚው?"

አፈርኩ። ደስም አለኝ። ሁለቱም አንድ ላይ።

ጥቅምት 27
ሴትየዋ ሚናውን ሰጠችኝ። የትያትሩ ልምምድ እሁድ ላይ ዋለ። ባንዱን ተውኩ። ጃርት ስልኬን አታነሳም።

ኅዳር 4
ጃርት እኛ ቤት ድረስ መጣች። "አንዴ እንኳ ዞሬ ባይሽ ኖሮ ይገባኝ ነበር" አለችኝ። አለቀስን፣ ከዚያ ሳቅን። ከጃኬቷ የዛገውን መርፌ ቁልፍ ነቅላ ሸሚዜ ላይ ሰካችልኝ። ተመስገን... ቀለለኝ።

ኅዳር 8
ጉድ ፈላ። ያ የቅናት ፊቴ ጠፋ! አዘጋጇ፦ "ምን ነካሽ? እህትሽን የምትወጂ ትመስያለሽ።" እወዳታለሁዋ! "እስከ እሁድ ካልመጣልሽ ሌላ ልጅ እፈልጋለሁ።" መስታወት ፊት ስኮሳተር አመሸሁ። ሆዷን የቆረጣት እንጂ የቀናች አልመስልም።

ኅዳር 11
ወደ ልምምድ ስሄድ በፀጉር ቤቱ በኩል አለፍኩ። ሲጫወቱ ሰማሁ። በመስኮት አየሁ። በርጩማዬ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ከኔ ትፈጥናለች። እውነቱን ለመናገር ከኔ ትሻላለች። እሱስ ይሁን፣ ጥዬ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ጃርት ግን... ማይኩን ይዛ ዞራለች። ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ ልጅቷን ፊት ለፊት እያየች ነው የምትዘፍነው። መስታወቱ ውስጥ ፊቷ ይታየኛል። ትስቃለች። ለኔ አንድ ቀን ዞራ አታውቅም። አንድ ቀን!

ትያትር ቤት እንዴት እንደደረስኩ እንጃ። መድረክ ላይ ወጣሁ። እጄ ሸሚዜ ላይ ያለውን መርፌ ቁልፍ ጨብጧል። ገና አፌን ሳልከፍት አዘጋጇ ከወንበሯ ተነሳች።

"መጣ!" አለች። "በይ እንዳትለቂው።"

እንዴት ብዬ ልልቀቀው?