የልጄ ሳፋና ቀሪቦ

ለቀናው፣ እነዋሪ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እኔ ወዳጅህ አጥናፉ ዛሬ ራሴን ሳያመኝ ነቃሁ፤ ሞቼ እንደሆነ ብዬ ደነገጥኩ።

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ልጄ ሰይፈሥላሴ ሃምሳ ሊደፍን ሲል ቢራም ጠላም ትቷል። ማታ ከቂሊንጦ ፋብሪካ ሲገባ፣ ጎረቤቱ ሀኪማ የምታዘጋጀውን ቀሪቦ ይዞ በረንዳው ላይ ይሰየማል፤ መልኩ ጠላ፣ ጠባዩ ውሃ ነው። ትናንት ለብ ያለ የጨው ውሃ በሳፋ አመጣ። በእኛ አገር የእንግዳ እግር ይታጠብ የለ? «ተባረክ!» ብዬ ሁለቱንም እግሬን ነከርኩ።

«አባዬ፣ እሱ እኮ ራሴን የምንከባከብበት ነው።»

«እኔስ ማንህ ነኝ?»

ሳቀና ተንበርክኮ እግሬን አሸልኝ። ቀሪቦውንም ጨለጥኩበት።

አሁን የምፈራው አንተን ነው። ለሚካኤል ጽዋ ስመጣ ጠላውን ትቼ ቀሪቦዬን ይዤ ብቀመጥ፣ ከጎንህ እንዳታስነሳኝ። እኔ ከሌለሁ ማን ያሾፍብሃል? ባለቤትህን ፈለቀችን ሳምልኝ። የምጽፍበት ፖስት ካርድ ቦታው አለቀ፤ አንድ ውሸት ግን ልናዘዝ፦ ልጄ አልተንበረከከም። ወንበር ስቦ እሱም እግሩን ከእግሬ ጎን ከተተ።